በመሐላው ሰዓት የደበዘዘችው ፀሐይ

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼህ ጀውሀር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በመስጊዱ ግቢ ዘንግ ተክለው በጥላው ርዝመት የሶላት ወቅት ይለካሉ፤ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድም ከኪታብ ተምረዋል።

እኚህ ሰው ከጎረቤታቸው ከይማም ጋር በአንዲት ቁራሽ እርሻ ተካሰሱ። ሼሁ የአባቴ መሬት ነው ይላሉ፤ ምስክር ግን የላቸውም። በሸሪዓው ከሳሽ ማስረጃ ካጣ ተከሳሽ ይምላልና፣ የሸሪዓው ዳኛ ቃዲው ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ይማምን በግቢው ዋርካ ሥር አቆሙት።

ይማም እጁን ቁርአኑ ላይ አድርጎ «ወላሂ መሬቱ የኔ ነው» ከማለቱ ቀኑ ደበዘዘ፤ ፀሐይ ከጎኗ ተገምጣ ታየች። ሕዝቡ ተንጫጫ። «በሐሰት ምሎ ነው፤ አላህ ፈረደበት» አሉ። በዚያች ከተማ በሐሰት የማለ ሰው ሰላምታ እንኳ አይሰጠውም፤ ልጆቹንም የሚያገባለት የለም።

ሼህ ጀውሀር ዝም ቢሉ መሬቱ የሳቸው ነበር። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋቸውም። እኔ ብሆን ዝም የምል ይመስለኛል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

እሳቸው ግን ተነሡ። «ይህ ኩሱፍ፣ የፀሐይ ግርዶሽ ነው፤ ለማንም ተብሎ አይመጣም። አስቀድመን እንስገድ» አሉ። ሰግደው ሲጨርሱ ፀሐይ ገና ሙሉ በሙሉ አልተገለጠችም ነበርና የዋርካውን ሥር አሳዩ። በቅጠሎቹ መሐል የሾለከው ብርሃን ሁሉ የተገመጠችውን ፀሐይ መስሎ፣ እንደ ማጭድ ጎብጦ መሬት ላይ ወድቋል።

«ጨረቃ በኛና በፀሐይ መሐል ገብታ ጥላዋን ጥላብን ነው። ጨረቃ ራሷ ስትጨልም ደግሞ መሐል የምትገባው ምድር ናት፤ ያኔ ጥላው የኛው ነው። ወንድሜ ይማም ከዚህ አንዱንም አላመጣም።»

ቃዲው ጠየቁ፤ «ሼሃችን፣ ትንሿ ጨረቃ ያቺን የምታህል ፀሐይ እንዴት ጋረደቻት?»

ሼሁ መዳፋቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ስለቀረበችን ነው። መዳፌም ሲቀርበኝ መስጊዱን ይጋርድብኛል። ይቺ መሬትም በጣም ቀርባኝ ነበር። መሐላውን ተቀብያለሁ።»

ይማም እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ።

ሼሁ መሬቱ የአባታቸው መሆኑን እስኪሞቱ ድረስ አልተጠራጠሩም ይባላል። እኔን የሚገርመኝም ይኸው ነው። መብቴ ነው ያሉትን ነገር ከዓይናቸው ፈቀቅ ሲያደርጉት፣ ከበስተኋላው የአንድ ሰው ቤተሰብ ታያቸው። እኛ ግን መዳፋችንን ሳናወርድ፣ ቀኑ ጨለመ እንላለን።