የደምለው ጆሮና የስመኝ ጥርስ

ባልና ሚስት ሲመሳሰሉ ያየ ሰው ፈገግ ብሎ የሚላት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋን ለሚጠይቅ፣ በእኛ ቀዬ የሚነገረው እንዲህ ነው።

የቀጨሞ በር ጤና ጣቢያ በተከፈተ ዓመት ስመኝ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ምጡ ክፉ ነበር፤ ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት ተረፈች። ሕፃኑ አራት ወር ሲሞላው ሹልክ ብላ በጤና ጣቢያው በሽተኛ ወደሚያክመው ድሬሰር ወደ አቶ አየናቸው ሄደች።

«ዶክተር፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። አሁን ብታረግዝ ትሞታለች። እርግዝና የሚያቆይ መድኃኒት አለ ይባላል?»

«አለ። ግን ከባሏ ጋር ቀርበው ሁለቱም ከተመከሩ በኋላ ነው።»

«ውይ! ባሏማ ቢሰማ ‹ዘሬን ጠላች› ይላታል።»

«ሐሙስ ይዛው ትምጣ።»

በማግስቱ ባሏ ደምለው መጣ፤ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ።

«አንድ ጓደኛ አለኝ። ሚስቱ በወሊድ ልትሞትበት ነበር። ጥቂት ዓመት ብታርፍለት ይወዳል። እንዳይነግራት ደግሞ ‹ሰለቸኝ፣ ሌላ ሊያገባ ነው› ትላለች ብሎ ፈራ።»

ድሬሰሩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የሰው ምስጢር አያወጣምና «ሐሙስ ይዟት ይምጣ» ብሎ ብቻ ሸኘው።

ረቡዕ ደምለው ከእርሻ ሲመለስ ጆሮውን ይዞ ገባ።

«ክፉኛ ወጋኝ። ነገ ጤና ጣቢያ ሸኚኝ።»

ስመኝ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ጉንጯን ያዘች። «እኔንም ጥርሴ ገድሎኛል፤ አብረን እንሂድ!»

ሐሙስ ልጃቸውን ይዘው ደረሱ። ስመኝን ያዋለዷት እማማ ጠጄ ለዓይናቸው ጠብታ ወረፋ ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«የታመመው ማን ነው?» አለ ድሬሰሩ።

«እሷ፣ ጥርሷን» አለ ደምለው።

«እሱ፣ ጆሮውን» አለች ስመኝ።

«ዛሬ የጥርስም የጆሮም ቀን አይደለም። ዛሬ የምመክረው እናት ሳትጎዳ ልጆቿን አራርቃ እንድትወልድ ነው። ለምታጠባ ሴት የሚስማማ ኪኒን አለ፤ ልጅ ሲፈለግ ይቆማል፣ ማህፀን አይዘጋም። ጉዳዩ የሚመለከተው ይቀመጥ፤ ሌላው ይሂድ።»

ሁለቱም እኩል ዱብ ብለው ተቀመጡ። ተያዩ።

«አንተም?»

«አንቺም? እኔ እኮ እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው!»

«እኔስ? ‹ጠላችኝ› እንዳትለኝ ብዬ!»

እማማ ጠጄ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወይ ጉድ! ውሸታችሁ እንኳ መንታ! አይ፣ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል!»