«ቅርብ ነው?» ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ሰማዩ ከምድር ጋር ተኳርፎ ጠብታ በነፈገበት ዓመት፣ አንዲት አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ውሃ ፍለጋ ወጣች። የሰፈሯ ምንጭ ደርቋል። ከቆላው ወንዝ እንዳለ ሰምታለች እንጂ በየት በኩል እንደሚኬድ አታውቅም። ውርንጭላው ደግሞ ገና ለጋ ነው፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ውሃ ካላገኘ ነገን እንደማያይ የእናት ልቧ ነግሯታል።

መንገድ ላይ ኤሊን አገኘች። እንደ አገሩ ወግ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዘመኑ ክፋት ተጠያየቁና አህያ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«እትዬ ኤሊ፣ ወንዙ ቅርብ ነው?»

ኤሊ አንገቷን አውጥታ ውርንጭላውን አየችው። ጉልበቱ ይብረከረካል። አንጀቷን በላት።

«ቅርብ ነው የኔ እናት! ይህችን ጉብታ ዞር ስትሉ ነው፤ አይዟችሁ!»

ጉብታውን ዞሩ። ከድንጋይ በቀር ምንም የለም። ትንሽ እንደሄዱ ቆቅ አገኙ።

«እህቴ ቆቅ፣ ደረስን አይደል?»

«ደርሳችኋል እንጂ! እዚህችው ናት!» አለች ቆቅም ከልቧ አዝና።

ሌላ ጋራ ወጡ፤ ውሃ የለም። ውርንጭላው መሬት ላይ ተዘረጋ። ያን ጊዜ አህያ አለቀሰች፤ አህያ ስታለቅስ ደግሞ አገር ይሰማል።

«ምነው እሜቴ፣ ጫካውን አፈረስሽው!» እያለ አያ ቀበሮ ከጥሻው ወጣ።

«ዋሹኝ! ሁሉም ዋሹኝ!»

«ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?»

«‹ቅርብ ነው?› ብዬ ነዋ!»

ቀበሮ ሳቀ። «ታዲያ መልሱን አንቺው አጉርሰሻቸው! ለደከመው መንገደኛ ‹ሩቅ ነው› የሚል ጨካኝ በዚህ አገር አልተወለደም። ‹አንተ ዛሬ የት ጠጣህ?› በዪ። ያኔ የምትመኚውን ሳይሆን የሚያውቁትን ይነግሩሻል።»

«አንተስ ዛሬ የት ጠጣህ?»

«እኔማ በለስ በልቼ ነው የዋልኩት፤ ውሃ በዓይኔም አላየሁ» አለ ቀበሮ። አህያ አዘነች፤ ግን የዚያን ቀን የሰማችው የመጀመሪያው እውነት ይኸው ነበር።

ይህን ሲነጋገሩ አያ ጅቦ ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። ጅብ እስኪነክስ ያነክስ እንዲሉ፣ እያነከሰ ነው የመጣው። ቀበሮ ጥሻው ውስጥ ጥልቅ አለ።

«እሜቴ አህያ! ምነው በዚህ ጠራራ? ከጎሬዬ ውሃ ሞልቷል፤ ቁርበት አንጥፌ አሳርፋችኋለሁ!»

አህያ ሮጣ ማምለጥ ትችል ነበር፤ ልጇን ጥላ ግን ወዴት ትሄዳለች? «ቅርብ ነው?» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጣባትና ዋጠችው። ዓይኗ ጅቡ እግር ላይ አረፈ። እስከ ጉልበቱ ድረስ እርጥብ ጭቃ ለብሷል።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ጭቃ የረገጥከው የት ነው?»

ጅብ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ደስ አለው። «ይሄ? ከዋርካው ሥር ነዋ! በዚህ ቁልቁለት ወርጄ፣ ሆዴ እስኪነፋ ጠጥቼ መምጣቴ ነው!»

«ጎሬህስ በየት በኩል ነው?»

«እዚያ ላይ፣ ከጋራው አናት!»

«እንግዲያውስ ቅደምና ቤትህን አሰናዳ። እንግዳ ጠርቶ ባልተጠረገ ቤት ማስገባት ነውር ነው።»

ጅብ ደጁ ላይ የተበተነው የአህያ አጥንት ትዝ አለው። «እውነትሽን ነው! እሱን ካያችሁማ አትገቡም!» አለና ማንከሱን ረስቶ ሽቅብ ፈረጠጠ።

አህያ ልጇን በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ እያደረገች አስነሳችው። ቁልቁለቱን እንደጨረሱ ዋርካው ታየ፤ ከሥሩም ወንዙ። ውርንጭላው አፉን ነክሮ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጆሮዎቹ እስኪቆሙ ድረስ ጠጣ። እናቱ እሱ እስኪጠግብ ጀርባውን እየላሰች ጠበቀችው፤ ደስታዋ ጥሟን አስረስቷት ነበር። ደጎቹ በጋራና በጉብታ ያንከራተቷት እናት በጠላቷ አፍ ለልጇ ውሃ አገኘች። ጅብም ቤቱን ጠርጎ፣ ቁርበት አንጥፎ፣ እንግዶቹን ሲጠብቅ አመሸ።

ከዚህ የምንማረው የምንመኘውን መልስ በጥያቄያችን ከማጉረስ ይልቅ ሌላው በዓይኑ ያየውንና በእግሩ የረገጠውን ብንጠይቅ፣ ከወዳጅም ሆነ ከጠላት የሚጠቅመንን መልስ እንደምናገኝ ነው።