የማይዘጋው በር

አንድ በድንጋይ ካብ የታጠረች ከተማ ነበረች። ካቧን የደፈረ ጠላት የለም። አንዱ በሯ ግን ሊዘጋ አይችልም፤ እህሉም ውሃውም የሚገባው በእሱ ነው። በር ጠባቂው ድልነሳ በየማለዳው የበሩን ደፍ ዝልግልግ የተልባ ውሃ ይቀባል። የለመደ ሰው ረግጦ ያልፈዋል፤ ሮጦ ልግባ ያለ ይወድቃል።

ድልነሳ እህል ተሸካሚ መስለው የመጡ ወንበዴዎችን ሲይዝ ክፉኛ ቆሰለ። ሊሞት ሲል ሚስቱን ጥሩዓለምን «የባላገር ቋጠሮ በጥርስ ካልሆነ አይፈታም። የእነሱ ግን ሸምቀቆ ነው፤ ሲስቡት ጭነቱ ይወድቅና ጩቤው ይወጣል። አደራ፣ አትርሺ» አላት።

አልረሳችም። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ደፉን እየቀባች በሩ ላይ ተቀመጠች።

ጎተራው በተሟጠጠበት ክረምት እህል የተሸከሙ ሰዎች በረድፍ መጡ። ጥሩዓለም ቋጠሮውን በዓይኗ ስትከተል ድንገት ቆም አለች። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ያሰሩት በሸምቀቆ ነው። ለከተማዋ ጦር አዛዥ በሹክሹክታ ነገረችው።

«ቀስት ደግኑ፤ አንድም እንዳይተርፍ» አለ አዛዡ።

«ጌታዬ፣ ሁሉንም ካስወጉ ነገ ማን እህል ያመጣልናል?»

«ከተልባ ቀቢነት ወደ ጦር መሪነት መቼ ተሾምሽ?»

«አልተሾምኩም። አንድ አፍታ ብቻ ይታገሡኝ፤ ቀይ አፈር የቀባሁትን ብቻ ያስይዙ።»

በመዳፏ ቀይ አፈር ይዛ ወደ ረድፉ ሄደች። «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» እያለች የሁሉንም ትከሻ በባዶ እጇ ነካች፤ ሸምቀቆ ያየችበትን ግን አፈር በያዘው።

«እማማ፣ ምን ቀባሽኝ?» አለ አንዱ።

«የመንገድ አቧራ ነው፤ ላራግፍልህ ብዬ።»

ሰውዬው ትከሻውን አየ፤ የጓደኛውንም አየ። ገመዱን ስቦ ጩቤውን እንደያዘ ወደ በሩ ሮጠ፤ ደፉ ላይ ተንሸራቶ ተዘረጋ። ወታደሮቹም ቀይ ምልክት ያለባቸውን ብቻ ለቅመው ያዙ። እህሉ ገባ።

«ማን አስተማረሽ?» አላት አዛዡ።

«ባለቤቴ።»

«እሱ እኮ ሞቷል።»

«ሞቷል። በሩ ላይ ግን ዛሬም አለ።»

ወዳጆቼ፣ ይህች ከተማ ሰውነታችን ናት። አፍንጫችን፣ ሳንባችን፣ አንጀታችን የማይዘጉ በሮች ናቸው። እርጥቡና ዝልግልጉ ሽፋናቸው ተልባው ነው። በዚያ የሚኖሩ ጥቃቅን ዘቦች፣ የሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት፣ ምግቡን ያሳልፋሉ፤ ጠላትን ምልክት አድርገው ያስይዛሉ። ዘብ ሲሞት የጠላቱ መልክ በተተኪው ዘንድ ይቀራል። ሁሉን ጠላት ያለ ዘብ የገዛ ከተማውን ያስርባል፤ ሁሉን ወዳጅ ያለም ያሳርዳል።

እናንተስ፣ በራችሁን የጠበቀላችሁ ሰው ሲሄድ ካስተማራችሁ ነገር የትኛውን ይዛችሁ ቀራችሁ?