ምስጦች የለመዷት ጉንዳን

ተረት ልንገራችሁ፤ አገሩን ብቻ አትጠይቁኝ። አንዲት ያረጀች ጉንዳን ነበረች። የምትጠብቀው አንድ የዝግባ ዛፍ ለአንዲት ዝንብ እንኳ እሷኑ እየጠራ አሰልችቷታል። በተመላለሰች ቁጥር ከሥሩ ያሉት ምስጦች አመጣጧን አጠኑና ቤታቸውን በጭቃ ደፈኑባት። እሷ መግባት ሲያቅታት ዝግባውን ይበሉት ጀመር።

ጎረቤቷ ግንደ ቆርቁር፣ "ጭቃውን እኔ እበሳዋለሁ፤ ግን ወዲያው ይደፍኑብኛል" አላት።

"አንተ ብሳ፤ ሳይደፍኑት እኔ እገባለሁ" አለች ወገቧን ይዛ።

እንዳሉት አደረጉ። ምስጥ አለቀ ተባለ፤ ዝግባውም ዳነ።

ጉንዳን ገና እግሯን ሳትዘረጋ ዝግባው ተጣራ፦ "እትዬ ጉንዳን! ጋሼ ግንደ ቆርቁር! ኧረ ዝንብ አረፈችብኝ፣ ኑልኝ!"

እያቃሰተች ተነሣች፤ ግንደ ቆርቁርም ተከተላት። ከፈረሰው የምስጥ ቤት ሥር የተረፈች አንዲት ምስጥ የሁለቱንም አመጣጥ ጸጥ ብላ ታይ ነበር።