አውሮፕላኑ ጥሎት የሄደው መልእክተኛ

«መምህር፣ የድሃ አገር ዲፕሎማት በዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ምን ይዞ ያሸንፋል? ጉልበት የለው፣ ሀብት የለው» ብላ ጠየቀች፣ ለመጀመሪያ ጉባኤዋ ልትነሣ የተዘጋጀች አንዲት ወጣት። ሽማግሌው መምህሯም እንዲህ ሲሉ መለሱላት።

አንድ ዲፕሎማት ነበረ። አገሩ ቆላ ናት፤ ወንዟ በየክረምቱ ዳርቻውን እየበላ ማሳውንም ጎጆውንም ይዞ ይሄድባታል። ጭሱን ያጨሱት ሌሎች፣ ጎርፉ የመጣው በእሷ። መንግሥቱም ይህን ሰው «ሂድና መሬታቸው ለጠፋባቸው ሕዝቦች ድጋፍ ይደረግ የሚል አንቀጽ በስምምነቱ ውስጥ አስገባ» ብሎ ላከው።

ሰውየው አንደበተ ርቱዕ ነበረ። በመጀመሪያው ጉባኤ ሲናገር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሲጨርስ ተጨበጨበለት። ደስ ብሎት ሻንጣውን ሸክፎ፣ ጉባኤው ያልቃል በተባለበት ቀን ወደ አገሩ በረረ። ጉባኤው ግን አላለቀም ነበር። እነዚህ ጉባኤዎች በቀጠሯቸው ቀን አልቀው አያውቁም! ዋናው ነገር የሚቆረጠው በማግስቱ ነው፤ የድሃ አገር መልእክተኛ ቲኬት ማስለወጥ አቅቶት ከሄደ በኋላ። ሕጉ ደግሞ ዝም ያለ ተስማማ ነው፤ ባዶ ወንበርም ዝም ይላል። ሰውየው አገሩ ሲገባ አንቀጹ ከረቂቁ መሰረዙን ሰማ። በሬዲዮ ቀርቦ ተቃወመ፣ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነበት።

በራሱ አፈረ። በአገሩ እኮ ሽማግሌ የተጣሉትን ሳያስታርቅ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ዝናብ ቢመጣ ጋቢውን ይከናነባል እንጂ። ይህን እያየ አድጎ፣ ክራባት ሲያስር ረሳው። ከዚያ ወዲህ ንግግሩን አሳጠረ፣ መቀመጫውን አጥብቆ ያዘ። በየጉባኤው መጨረሻ እሱ ብቻ ሲቀር ባልደረቦቹ «ወንበሩ» እያሉ አሾፉበት። ጠጉሩ ሸበተ። አንቀጹ ግን ቀስ እያለ ተመልሶ ረቂቁ ውስጥ ገባ።

በመጨረሻም ትልቁ ስምምነት የሚጸድቅበት ጉባኤ መጣ። ቀጠሮው አለፈ፤ የትንንሾቹ አገሮች መልእክተኞች ተሰናብተው ወጡ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሠራተኞች ምንጣፉን መጠቅለል ጀምረው ሳለ ሰብሳቢው አዲስ ረቂቅ አስነበቡ። አንቀጹ የለም።

«ተቃውሞ ከሌለ…» ብለው መዶሻውን አነሡ።

ሰውየው የመናገር ዕድል ሊጠይቅ የአገሩ ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ አቆመ። ሰብሳቢው እንዳላየ ሆኑ። ይሄኔ ብድግ ብሎ ሰሌዳውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ክቡር መልእክተኛ፣ አውሮፕላንዎ አልሄደም እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው። አዳራሹ ሳቀ።

«ሄዷል፣ ክቡር ሰብሳቢ። እኔ ግን አለሁ። አንቀጹ ካልተመለሰ አገሬ አትስማማም።»

ሳቁ ቆመ። በዚያ ጉባኤ አንድ አገር ካልተስማማ ስምምነት የለም፤ ታላላቆቹ ደግሞ ድሉን በየአገራቸው ሊያበስሩ ቸኩለዋል። ዕረፍት ተባለ። አንዱ ሊያባብለው መጣ፣ ሌላው ከሥራህ አስነሣሃለሁ ብሎ ሊያስፈራራው። ዛቻው ባዶ እንዳልሆነ ያውቃል። ቢሆንም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንቀጹ አንድም ቃል ሳይጎድልበት ተመለሰ፤ መዶሻውም ወረደ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ! ምንጣፍ ጠቅላዮቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። በረራቸው ለዚያ ማታ ስለነበረ ገና አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ላይ የነበሩት የትንንሽ አገሮች መልእክተኞች ወሬው ሲደርሳቸው ሻንጣቸውን ጥለው ተቃቀፉ። ሰውየውም ሰሌዳውን ደረቱ ላይ እንደያዘ በደስታ አለቀሰ።

እንግዲህ ልጄ፣ ጉባኤውም እንደ እርቅ ነው፤ የሚፈርደው እስኪያልቅ የተቀመጠ ነው። ያ ሰው መናገርማ ከመጀመሪያውም ይችል ነበር፣ ያሸነፈው ግን ባለመነሣቱ ነው። ጉልበት ለሌለው ሰው ወንበሩ አለው፤ ራሱ ካልለቀቀው ማንም አይወስድበትም። አንቺም ከዚህ ስትወጪ በቀጥታ ሂጂና የመመለሻ ቲኬትሽን አስለውጪ።