ክዳን የሌለው እንስራ

አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበረ። አገሩ ቆላ ነው፤ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ቧንቧው ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚቀር። እዚያ አገር ውሃ የሚደፋ ሰው እህል ከሚደፋ እኩል ነው የሚታየው። አንቺም የቆላ ልጅ ነሽ፣ ይኼን አላስተምርሽም።

ቁጭ በይ እንጂ፣ ትርሲት። «እማሆይ፣ ሰው መናፈቅ ኃጢአት ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? አዎም አይደለምም ከማለቴ በፊት ይኼን ሰውዬ ልንገርሽ። እንባሽን ለኋላ አቆዪው።

ሴትዮዋ በሞተችበት ቀን ጠዋት ከቦኖ ውሃ ቀድታ፣ እንስራዋን ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር አስቀምጣ ነበር። ሁልጊዜ ትከድነዋለች። የዚያን ቀን ግን ራሴን አመመኝ ብላ ገብታ ተኛች፣ በዚያው ቀረች። ክዳኑ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሰውየው ከቀብር ሲመለስ እንስራውን አየና ሆድ ባሰው። በእጇ የቀዳችው የመጨረሻ ውሃ ነዋ። ማንም እንዳይነካው አለ፤ እሷ እንደተወችው ይቀመጥ ብሎ ክዳኑን እንኳ አላነሳም።

የቆላ ሙቀት ነውና ውሃው ይጎድላል። ሲጎድል የሷ እንዳያልቅበት እንደ እርሾ በላዩ ይጨምርበታል። ልብ ካልሽ የሷ ውሃ እኮ ድሮ ተንኖ አልቋል። ግን ይኼን ለሐዘንተኛ ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ጎረቤቱም ተዉት፣ ይውጣለት እያለ ያልፈዋል።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፣ የወተት ጥርሷ ገና መነቃቀል የጀመረ። እናቷ ስትናፍቃት ሄዳ እንስራው ሥር ትቀመጣለች። ቀዝቃዛ ነዋ፣ ጀርባዋን አስደግፋ ከእናቷ ጋር ታወራለች። የሰፈሩም ልጆች እዚያው ይሰበሰቡላታል። አንድ ቀን አባቷን፣ «አባዬ፣ የእማዬ ውሃ ውስጥ የሚጨፍሩ ትንንሽ ነገሮች አሉ» አለችው። ሆዱ ባባና አቀፋት። ሄዶ ግን አላየም።

ከዚያ የሰፈሩ ልጆች ተራ በተራ መታመም ጀመሩ። ትኩሳት ነው፣ ከዓይን ጀርባ የሚወጋ ሕመም ነው፣ አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት ነው። ወባ ነው ተባለና አጎበር ተዘረጋ፣ ቦዩ ተጠረገ፣ ያደረ እጣቢ ሁሉ ተደፋ። ልጆቹ ማታ እንደ ሙሽራ ተሸፍነው ይተኛሉ፣ ቀን ግን እንስራው ሥር ይጫወታሉ። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም መርምራ ወባ አይደለም፣ ደንጊ ነው አለች። ይህችኛዋ ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፤ የምትራባውም ሰው በየቤቱ አጠራቅሞ በሚያስቀምጠው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነውና ውሃችሁን ሁሉ ክደኑ ብላ አዘዘች። ሰውየውም በርሜሉን ከደነ፣ ጀሪካኑን ከደነ። እንስራውን ግን ከውሃ አልቆጠረውም።

በመጨረሻ የራሱ ልጅ ወደቀች። አምና ቀለል አድርጎ ጀማምሯት ነበር፤ ይኼ በሽታ ደግሞ ሲደግም ነው የሚከፋው። ሐኪሟ አጥብቃ አስጠነቀቀችው፦ «ትኩሳቱ ሲለቃት እንዳትዘናጋ። ብዙ ልጆች የሚጠፉብን ያኔ ነው።»

እሺ አለ። አባት አይደል፣ አንድ ጠዋት ግንባሯን ቢዳስስ ሙቀቱ የለም፣ እሷም ፈገግ አለችለት። ቤቱ እልል አለ። ይኼን ደስታ መጀመሪያ ለማን ይንገር? ልጅቷን ለጎረቤት አደራ ብሎ ወደ መቃብሩ ሮጠ፣ ልጃችን ዳነች ብሎ ለሚስቱ ሊያበስራት። ሞኝ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኼ አይደል?

ሲመለስ ልጅቷን እንስራውን ታቅፋ አገኛት። ጎረቤቲቱ ድናለች ብላ፣ ትንሽ አየር ታግኝ ብላ ትታታለች። እጇ በረዶ ሆኗል፣ ድዷ ይደማል፣ ስሟን ቢጠራት ዓይኗን አትገልጥም። ተሸክሟት ጤና ጣቢያ ደረሰ። ሐኪሟ ግሉኮሱን ሰክታ ስታበቃ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ይህች ልጅ ቀን ቀን የት ነው የምትውለው?»

«እናቷ ጋ» አላት። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ለራሱ የተሰማው።

ልጅቷን ተከትላ ለመጣችው አክስቷ ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እንስራው አፍ ላይ አጎነበሰና ያን ሁሉ ጊዜ ያላየውን አየ፤ ውሃው በትል ይርመሰመሳል። ግቢው ጥግ ሚስቱ የተከለቻት የዘይቱን ዛፍ ነበረች፣ ውሃ ከጠጣች ቆይታ ቅጠሏ የተጠቀለለ። እንስራውን ተሸክሞ ወሰደና እስከ ጭላጩ ዛፏ ሥር ደፋው። ሲደፋው እንደ ቀብሯ ዕለት አለቀሰ። እንስራውን ግን አልሰበረውም፣ ይኼን ልብ በይ። ውስጡን በአሸዋ ፈትጎ አጠበው፣ አዲስ ውሃ ቀዳበት፣ ያንን ክዳን ከመሬት አነሳና ከደነው።

ልጅቷ ከሞት ጋር ብዙ ታግላ ዳነች። ቤት ስትገባ ቀጥ ብላ እንስራው ጋ ሄደች፣ ክዳኑን አየችና በእጇ ዳሰሰችው። «እማዬስ?» አለች። አባቷ ከእንስራው ቀድቶ አጠጣት፣ የተረፈውን እሷው በእጇ ዛፏ ሥር እንድታፈስ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ልማዳቸው ይኼው ሆነ፤ የቀዱትን ይጠጣሉ፣ ያደረውን ለዛፏ ይሰጣሉ። ናፍቆቱ አልለቀቃቸውም፣ እንዲያውም ዘይቱኗ ያፈራች ዕለት ባሰባቸው። ፍሬዋን እየበሉ አለቀሱ።

እንግዲህ ወዳንቺ ልምጣ፣ ልጄ። ባልሽ ባሕር ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እኔም በጸሎቴ አልረሳውም። አንቺስ ምን አደረግሽ? ትምህርት ቤት የሚያስገባው አባቱ ነው ብለሽ ልጁን አስቀረሽው። ፀጉሩን እንኳ አባቱ ሲመጣ ብለሽ አላስቆረጥሽውም። እኩዮቹ ማንበብ ሲጀምሩ እሱ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጦ መንገድ ያያል። ትናንት በዚያ ሳልፍ ልስመው ጎንበስ ብል፣ «እማሆይ፣ አባዬን መንገድ ላይ አይተውታል?» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ናፍቆትሽ ንጹሕ ነው፣ ማን ቆሻሻ አለው? ንጹሕ ስለሆነ እኮ ነው ማንም ክደኚው ሳይልሽ የቆየው። ግን ሥሩ የሚጫወተው ልጅሽ ነው፣ የሚነከሰውም እሱ ነው። መናፈቅ ኃጢአት አይደለም፤ ናፍቂው፣ አልቅሺም ካሰኘሽ። ነገ ግን የልጁን ፀጉር አስቆርጪና ትምህርት ቤት ውሰጂው። አባቱ እግዜር ብሎለት ከመጣም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ልጁ እስኪወጣ ይጠብቀው። እስከ ዛሬ ልጁ ጠብቋል፣ ተራው የአባቱ ነው።