ቀይ ቀለም የተነከረው ገመድ

ስማኝ አጥናፉ፤ እንዳንተው ስብሰባ የሚጠላ አንድ ሰው ነበረ። ደጃፌ ድረስ መጥተህ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ፤ አስጨርሰኝና እመለስበታለሁ።

ሰውየው በጥንት ዘመን በአንዲት የግሪክ ከተማ የወይራ ዘይት ይሸጥ ነበር። ከተማዋ ንጉሥ የላትም። ሕግ የሚወጣው፣ ጦርነትም ሰላምም የሚወሰነው ሕዝቡ ከገበያው በላይ ባለች ኮረብታ ላይ ተቀምጦ እጁን እያወጣ ነው። ሴትና ባሪያ ግን አይገቡም ነበር፤ የከተማዋን ሰዎች ነውር አልሸፍንላቸውም። ኩራታቸው ደግሞ ለጉድ ነው። «እኛ ጌታ የለንም» ይላሉ። የስብሰባው ቀን ሲደርስ ታዲያ ጌታ የሌለው ሁሉ ገበያ ውስጥ ተጎልቶ ወሬውን ይሰልቃል። ስለዚህ ደንብ አስከባሪዎች ቀይ ቀለም የተነከረ ረጅም ገመድ ከዳር እስከ ዳር ወጥረው ሰዉን ወደ ኮረብታው ይነዱታል። ልብሱ ላይ ቀለም የተገኘበት ይቀጣል።

ዘይት ሻጩ ሁልጊዜ ከእንስራዎቹ ጀርባ ተደብቆ ያመልጥ ነበር። አንድ ቀን ግን ሚስቱ ክረምቱን ሙሉ ፈትላ የሠራችለትን ነጭ መጎናጸፊያ ለብሶ ሳለ ገመዱ ከኋላው መጣና ከትከሻው እስከ ወገቡ አቀላው። ደሙ ፈላ። ቅጣቱንስ ይክፈል፤ ልብሱን ማን ይመልስለታል? እየተቆጣ ኮረብታውን ወጣ። አዋጅ ነጋሪው እንደ ልማዱ መናገር የሚፈልግ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅም ተነሣ።

ከዚያ በፊት በሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። ቢሆንም ጀርባውን አዙሮ ቀለሙን አሳያቸው።

«በገመድ የሚነዳ ከብት ነው» አለ። «ጌታ የለንም የምንል ሰዎች እንዴት በገመድ እንነዳለን?»

ማንም አላቋረጠውም። ባለጠጋውም የጦር አለቃውም የዘይት ሻጭ ቃል ሰሙ። ነገሩ አስደነገጠው፤ በገዛ ቤቱ እንኳ እንዲህ ተሰምቶ አያውቅም።

እጅ ወጣና ገመዱ ለአንድ ስብሰባ ይቅር ተባለ። ያን ጊዜ ኮረብታው ከሞላ እስከ መጨረሻው ይቀራል። ካልሞላ ገመዱ ይመለሳል፣ ይዞ የሚነዳውም ዘይት ሻጩ ራሱ ይሆናል።

ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባና ለሚስቱ አወራላት። እሷ ልብሱን እያሸች ሰማችውና፣ «አንተ የምትሸሸው ቦታ እኔ በእግሬ ብሄድ ያባርሩኛል» አለችው። እሱም ራቱ አልወረደለትም።

የስብሰባው ቀን ሱቁን ዘግቶ ገበያውን ዞረ። ዓሣ ሻጩን፣ ጫማ ሰፊውን፣ አብረውት ይደበቁ የነበሩትን ሁሉ እጃቸውን እየያዘ ለመናቸው። ሳቁበት፤ ገመዱን አስቀርተህ አንተ ገመድ ሆንክብን አሉት። እሱም ልሁን፣ እኔ ልብስ አላበላሽም አላቸው። ከዚያ ብቻውን ወጥቶ ባዶው ኮረብታ ላይ ተቀመጠ። አፈረ፣ ፈራም። ቆይቶ ዓሣ ሻጩ እያለከለከ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ፤ ጫማ ሰፊውም ጎረቤቶቹን አስከትሎ ደረሰ። ሲዋረድ ለማየት የመጡም ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ቦታ ይይዛሉ። ፀሐይ ሳትበረታ ኮረብታው ጢም አለ፤ የዘገዩት ቆመው እጃቸውን አወጡ። ዘይት ሻጩ እንባው መጣ፤ ከተማዋ የሱም እንደሆነች የገባው ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ አጥናፉ፣ ከእድር ስብሰባ የቀረ ሰው ለምን ይቀጣል ብለህ ነው የጠየቅኸኝ። ቅጣታችን ያው ቀይ ገመድ ነው፤ እኔም አልወደውም። ይነሣ ማለት መብትህ ነው፤ ግን የኔ ደጃፍ ላይ ቆመህ አይደለም። እሁድ ናና ተነሥተህ ተናገር፤ እንሰማሃለን። ካሸነፍከን በሚቀጥለው ወር ቤት ለቤት ዞረህ ሰው የምትጠራው አንተ ነህ። የእድሩ ጠሪ ሆኜ ስዞር እግሬ ደክሟል፤ አብሮኝ የሚዞር ሰው ካገኘሁ ቅጣቱ ዛሬውኑ ቢቀር ደስታዬ ነው።